«አዲስ ናት» ለማለት

ጠዳ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲኬድ ከአዘዞ አልፎ የምትገኝ ከተማ ናት። ተነጋጋሪዎቹ አጎትና የእኅት ልጅ ናቸው። አጎት ዕድሜያቸውን በወባ ላቦራቶሪ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅረው አሳልፈው ጡረታ ወጥተዋል። ልጅቱ ባዮሎጂ ተምራ አሁን ለሁለተኛ ዲግሪዋ ነፍሳት ታጠናለች። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ የሰማሁትን ጽፌአለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ የራሴን ቃል አስገብቻለሁ።

አጎት፦ እስቲ ብልቃጡን አምጪው። ይኼ ቢምቢ ነው እንዴ? ቢምቢ እኮ እንዲህ ያለ እግር የለውም።

ልጅት፦ ቢምቢ አይደለም ጋሼ። ግን ሰው ሁሉ ትልቅ ቢምቢ ይመስለውና ግድግዳ ላይ ሲያርፍ በጫማ ይለዋል። አይነክስም፣ ደምም አይመጥም። ሴቷ ከኋላዋ ሹል ነገር ስላላት ሰው ይፈራታል እንጂ እሱም እንቁላሏን እርጥብ አፈር ውስጥ የምትሰካበት ነው።

አጎት፦ እኛም ቤት መብራት ሲበራ ይመጣል። አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አላየሁትም። የዚህ ግን እግሩ ሦስት ብቻ ነው፤ የቀረውስ?

ልጅት፦ ሲይዙት ይጥለዋል። ወፍ እግሩን ስትይዘው እግሩን ትቶ ያመልጣል፤ እኔም መረቤ ውስጥ ሳገኘው ሁለቱን ጥሎ ነበር። አንዱን ደግሞ ብልቃጥ ውስጥ ሳስገባው ጣለ። የወደቁትን በትንሽ ወረቀት ጠቅልዬ ቁጥሩን ጽፌባቸዋለሁ። የእግሩ ቀለበት፣ የጭኑ ቀለም፣ ሁሉም ይጠየቃል።

አጎት፦ ስሙስ ማን ይባላል?

ልጅት፦ እኔን ያስጨነቀኝ እሱ ነው። ስም ያለው አልመሰለኝም።

አጎት፦ ኧረ ወዲያ! ከዚህ ከደብሩ ሥር ካለው ምንጭ ያዝሁት ብለሽ አይደል? እዚያ ያለ ነገር እንዴት ስም ያጣል?

ልጅት፦ መጀመሪያ የትኛው ወገን እንደሆነ ላሳይዎት። በአጉሊ መነጽሩ ጀርባውን ይዩት። ሁለት መስመሮች ከትከሻና ከትከሻ ተነሥተው መሐል ላይ ሹል ሆነው ይገጥማሉ፤ አዩአቸው? ከክንፉ ኋላ ደግሞ ጫፋቸው ድቡልቡል የሆነ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች አሉ። የኋላ ክንፍ የነበሩ ናቸው፤ ሲበር ሚዛን ይጠብቁለታል። ዘንጉ ዝንብና ቢምቢም ላይ አለ፤ ያ የጀርባ መስመር ግን የዚህ ቤተሰብ ምልክት ነው። ቤተሰቡን ማወቅ ቀላል ነው። ከዚያ በታች ያለው ነው ጣጣው። ክንፉ ላይ ያሉትን ሥሮች አንድ በአንድ ቆጥሬ ወደ አንድ ነገድ አደረስሁት። ዓይነቱን ለመለየት ግን የወንዱን ጫፍ ማየት ግድ ነው።

አጎት፦ ጫፉን ስትይ?

ልጅት፦ ከሴቷ ጋር ሲገናኝ የሚይዝበትን። የሆዱን ጫፍ ቆርጬ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ አሞቅሁት፤ ሥጋው ሟሙቶ ቅርፊቱ ብቻ ቀረ።

አጎት፦ እሱንማ አውቀዋለሁ። እኛ የቆዳ ፈንገስ ስንመረምር የምንጠቀምበት ነው።

ልጅት፦ እሱ ራሱ ነው። ከዚያ ግሊሰሪን ላይ አድርጌ ገለባበጥሁት። ሁለት መያዣዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ጫፉ ላይ ወደ ውስጥ የታጠፈ ጥቁር ጥርስ አለው፤ ከጥርሱ ሥር ደግሞ ጠጉር የበዛበት አጭር ጉብታ። ጥርሱ ያላቸው ሌሎች አሉ፤ ጉብታው ያላቸውም አሉ። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ግን እስካሁን ባነበብሁት አላገኘሁም።

አጎት፦ ስንት አነበብሽ? ስንት ይቀርሻል?

ልጅት፦ እሱማ ብዙ ነው ጋሼ። በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው የዚህ ወገን ዝንቦች ከ15 ሺህ ይበልጣሉ። ቻርልስ አሌክሳንደር የሚባል አሜሪካዊ ብቻውን ከ11 ሺህ በላይ ገልጿል።

አጎት፦ ብቻውን?

ልጅት፦ ሚስቱ ሜብል አብራው ትሠራ ነበር እንጂ፣ አዎ፣ ብዕሩ የሱ ነው። በ1910 ጀመረ፣ በ1981 ሞተ፤ እንደ ፈረንጅ ነው የምነግርዎ። ቢያካፍሉት በየ3 ቀኑ ከአንድ በላይ ማለት ነው። ስብስቡ ዛሬ ዋሽንግተን፣ ስሚዝሶኒያን ነው ያለው። ስለዚህ እኔ ይኼን ወንድ ይዤ «አዲስ ነው» ከማለቴ በፊት ሰውየው የጻፈውን፣ ከሱ በኋላ የመጡትም የጻፉትን ማየት አለብኝ። ደግነቱ ፒዮትር ኦስተርብሩክ የሚባል ሆላንዳዊ የሁሉንም ዝርዝር ሠርቷል። ዝርዝሩ ግን የት እንደተጻፈ ነው የሚነግረኝ፤ ጥርሱን አያሳየኝም።

አጎት፦ ቆይ፣ ገባኝ። እኛ ስላይድ ስናይ ፖዘቲቭ ማለት ቀላል ነበር። አንዲት ጥገኛ ካየሽ በቃ፣ ወባ ነው፤ ጽፈሽ ትፈርሚያለሽ። ኔጌቲቭ ለማለት ግን 100 ፊልድ መቁጠር ነበረብን። በዘይት ሌንስ፣ አንዱን አይተሽ ወደ ሌላው፣ ወደ ሌላው። ዓይንሽ እስኪፈዝ። ክረምት ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ውጪ ሰልፉ ተኮልኩሎ፣ እናት ልጇን አዝላ ቆማ፣ 40 ፊልድ አይተሽ «የለም» ልትዪ ይቃጣሻል። አይቻልም። አንቺም የያዝሽው ይኼንን ነው። «አዲስ ናት» ማለት «የትም የለችም» ማለት ነው።

ልጅት፦ ከዚህ የተሻለ አድርጎ የነገረኝ መምህር የለም።

አጎት፦ አታወድሺኝ። 100ው ፊልድሽ የት የት ነው?

ልጅት፦ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አንዱም እዚህ የለም። የስሜንን ነገር ብቻ ልውሰድልዎ። ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ተቀምጦ፣ ስሜን ወጥቶ፣ ዋልያን፣ ጭላዳን፣ ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ የገለጸ እሱ ነው። የጣና ዓሦችንም ገልጿል። ናሙናዎቹ ፍራንክፈርት፣ ዘንከንበርግ ሙዚየም ናቸው።

አጎት፦ የብራና መጻሕፍትም ወስዷል ይባላል።

ልጅት፦ ወስዷል፤ እነሱም እዚያው ፍራንክፈርት ናቸው። ነፍሳትን ከጠየቁኝ ደግሞ ሂው ስኮት የሚባል እንግሊዛዊ አለ። በ1926 እና 27 ከኦመር ኩፐር ጋር መጣ፣ በ1948 እና 49 የጋሞን ተራሮች ወጣ፣ በ1952 እና 53 ደግሞ ስሜን ላይ ሰነበተ። ብርዱ ላይ፣ ጅብራው ሥር፣ ድንጋይ እያገላበጠ የሰበሰበው ሁሉ ለንደን ነው። የኔ ዝንብ አንድ መሳቢያ ውስጥ ተሰክታ ትኖር ይሆናል፤ ስም ወጥቶላት፣ ወይ ስም ሳይወጣላት።

አጎት፦ ፎቶ ቢልኩልሽስ?

ልጅት፦ ጠይቄአለሁ፤ ለመላክ ፈቃደኞች ናቸው። ግን ጉብታው ከጎን ነው የሚታየው፤ ከላይ የተነሣ ፎቶ አያሳየውም። አንድ ቀን ሄዶ ማየት ይሻላል።

አጎት፦ ይኼ ሁሉ ለአንድ የማትነክስ ዝንብ ነው ልጄ? ተቆጥቼ አይደለም፤ ሰው ይጠይቅሻል ብዬ ነው። የደንቢያን ነገር አባቴ ሲያወራ ሰምተሻል። በኛ አቆጣጠር በ40ዎቹ ወባ ገብቶ መንደር ሙሉ አልጋ ላይ ሲወድቅ፣ ቀባሪ ሲጠፋ። የጎንደር ጤና ኮሌጅ በ1947 የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ወባ የሚያመጣው ቢምቢ ገዳይ ነው፤ ይጠና። ይኼኛው ምን አደረገን?

ልጅት፦ የቢምቢውን ነገር ካነሡ ከዚያው ልመልስልዎ። አንቱ በሥራ ላይ ሳሉ ቢምቢ የሚሰበስቡት ሰዎች ምን ብለው ነበር የሚመዘግቡት?

አጎት፦ ጋምቢ ነዋ። ቤት ውስጥ ነጭ አንሶላ አንጥፈው፣ ፒሬትረም ረጭተው፣ የወደቀውን በወረንጦ ይለቅሙታል። ጋምቢ፣ ጋምቢ፣ ጋምቢ።

ልጅት፦ ጋምቢ የተባለው አንድ አልነበረም። በዓይን የማይለዩ ብዙ ዓይነቶች ናቸው። እኛ አገር ወባ በዋናነት የሚያስተላልፈው አረቢየንሲስ ነው። ከሱ ጋር ቁርጥ አንድ የሆነ ሌላ ደግሞ አለ፤ ከብት ነው የሚነክሰው፣ ወባ ያስተላልፋል አይባልም። እሱን ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ካለው ጋር አንድ ነው ብለው ይዘውት ኖሩ። ከዚያ እንደ ፈረንጅ በ1998 ሦስት ተመራማሪዎች፣ አንዱ ኢትዮጵያዊ ነው፣ የኢትዮጵያውን ከደቡብ አፍሪካው ጋር አዳቀሉት። የተወለዱት ወንዶች መካን ሆኑ። ክሮሞሶሙም አልገጥም አለ።

አጎት፦ እንደ በቅሎ።

ልጅት፦ እንደ በቅሎ። ስለዚህ ሁለት ናቸው ማለት ነው። ስም እስኪወጣለት 15 ዓመት ፈጀ፤ እስከዚያ በፊደል ብቻ ሲጠራ ቆየ። በ2013 አኖፊለስ አምሃሪከስ ተባለ።

አጎት፦ አምሃሪከስ? ወይ ጉድ። እኔ ይኼንን ሳልሰማ ጡረታ ወጣሁ።

ልጅት፦ አሁን ያስቡት። አንድ ሰው በረት ውስጥ ብዙ ቢምቢ ይይዝና «ጋምቢ በዝቷል» ብሎ ይጽፋል። ያ ሁሉ አምሃሪከስ ከሆነ የረጨው መድኃኒት ከንቱ ነው። ጥቂት አረቢየንሲስ ያለበት ሌላ ቤት ደግሞ ሳይረጭ ይቀራል። ወባ የማያስተላልፈውን ካላወቁት የሚያስተላልፈውን አያውቁትም።

አጎት፦ ይኼ ልክ ነው። በ1958 እኮ፣ እንደ ፈረንጅ፣ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ሞቷል ተብሎ ነው የተገመተው። ከዚያ በኋላ ነው የወባ ማጥፊያው የተቋቋመ። ያን ጊዜ በዓይን የሚታየውን እንኳ የሚለይ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር።

ልጅት፦ የኔ ዝንብ ግን ለወባ ብዬ አይደለም የማጠናት ጋሼ፤ እዚህ ላይ አልዋሽዎትም። ትሏ ምንጩ ዳር የወደቀውን ቅጠልና የበሰበሰ እንጨት እየበላች አፈር ታደርገዋለች። ወፉም ዓሣውም ይበላታል። ይኼ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ባትጠቅመንም ኖሮ አጠናት ነበር። እዚያ ምንጭ ላይ ከኛ በፊት የነበረች ናት። ምንጩን አንድ ቀን በሲሚንቶ ብንገነባው የጠፋው ምን እንደሆነ የሚያውቅ እንኳ አይኖርም።

እዚህ ላይ ልግባ። ለሳይንስ መግለጽ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጽሑፉን ነው። ጽሑፍ ብቻውን ምን እንደሚሆን ጎንደር የምታውቀው ታሪክ አለ። ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ ወደ ሁለት ዓመት ያህል ተቀምጧል፤ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ አንድ ዝንብ ጽፏል። ከንብ ጥቂት ይበልጣል ይላል። ድምፁ የተሰማ እንደሆነ ከብቱ ግጦሹን ትቶ ሜዳ ለሜዳ እየሮጠ በድካምና በረኃብ ያልቃል፤ መድኃኒቱ ጥቁሩን አፈር ለቅቆ ወደ አትባራ አሸዋ መውረድ ብቻ ነው ይላል። ሥዕሉንም ሥሎታል። አንባቢ ከብቱ ሲሮጥ ይታየዋል። ግን የዝንቡ ናሙና በመርፌ ተሰክቶ የትም አልተቀመጠም። ከዚያ ወዲህ የመጡ ሊቃውንት ቆላ ዝንብ ነው፣ የለም ሌላ ትልቅ ዝንብ ነው እያሉ ሲከራከሩ ኖሩ፤ ክርክሩን የሚፈታ ነገር በእጃቸው አልነበረም። ብሩስን ለማሳነስ አይደለም፤ ያየውን በትጋት ጽፏል፤ የጎደለው የዝንቡ ሥጋ ብቻ ነው።

አጎት፦ እኛም ስላይድ አንጥልም ነበር። ፖዘቲቩ ሁሉ፣ ከኔጌቲቩም ከ10 አንዱ፣ ከበላይ ወዳለው ላቦራቶሪ ይሄዳል። ሌላ ሰው፣ እኔን የማያውቅ፣ እንደገና ያየዋል። ስላይዱ ባይኖር የኔ ፊርማ ምንድን ነው?

ልጅት፦ ለኛም የስም አወጣጡ ደንብ ይኼንኑ ይጠይቃል። አዲስ ዓይነት የሚገልጽ ሰው አንዲት ናሙና መርጦ «ስሙ የዚህች ነው» ይላል፤ በየትኛው ሙዚየም እንደምትቀመጥም ይጽፋል። ይኼን ካላደረገ ስሙ አይጸናም። ከ2000 ወዲህ ግዴታ ነው። ይኸውልዎ፣ አንዲት ናሙና ምን እንደምታደርግ የሰከላን አይጥ ልንገርዎት።

አጎት፦ የግሽ ዓባይን?

ልጅት፦ እዚያው። በ1927 ኦስጉድ የሚባል የቺካጎ ሙዚየም ሰው በመራው ጉዞ ላይ ከግልገል ዓባይ ምንጭ አጠገብ አንዲት የውኃ አይጥ ተያዘች። አንዲት ብቻ። በ1928 ኒሎፔጋሚስ ብሎ ሰየማት። ከዚያ ወዲህ ተፈልጋ ሁለተኛ አልተያዘችም። ምንጩ አጠገብ የነበረው ጫካ ታርሷል፣ ግጦሽ ሆኗል። አሁን ይስሙ፤ በ2020 የታተመ ጥናት ላይ ከዚያች ከአንዷ ናሙና ዲ.ኤን.ኤ. አወጡ። ከ93 ዓመት በኋላ። መካከለኛው አፍሪካ ውስጥ ካሉ የውኃ አይጦች ጋር እኅት መሆኗን፣ ግን ራሷን የቻለች መሆኗን አረጋገጡ። ኦስጉድ ስለ ዲ.ኤን.ኤ. የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ቆዳውንና የራስ ቅሉን በሚገባ አስቀመጠ፤ በቃ።

አጎት፦ አይጧ ራሷ ግን ጠፋች።

ልጅት፦ ጠፍታ ይሆናል። ስም ባይኖራት ግን ማን ሄዶ ይፈልጋት ነበር? የሚፈልጓት ሰዎች ሰከላ ድረስ የሚሄዱት እኮ ቺካጎ ያለው ወረቀት ላይ ሰከላ ስለሚል ነው።

አጎት፦ እንግዲያው ያንቺ የት ትቀመጥ? ለንደን?

ልጅት፦ አይሆንም። አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ ዓመቱ በኛ አቆጣጠር ነው፤ ናሙና ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ፈቃድ ባገኝም ዋናዋ እዚህ እንድትቀር ነው የምፈልገው። አራት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም አለ። ዕፅዋቱን ይዩ፤ ብሔራዊ ሄርባሪየም እዚያው ነው። እንደ ፈረንጅ በ1980 ጀምረው በ2009 የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት መጽሐፍ ጨረሱ፣ ወደ 6 ሺህ ዓይነት። እነ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ስንት አዲስ ተክል ገለጹ! ነፍሳቱ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የላቸውም። የጣናን ዓሣ ሳይቀር የኛ ሰው ገብቶበታል፤ እሸቴ ደጀን ከሆላንዶቹ ጋር በ2000 አንዱን ትንሽ ዓሣ ገልጿል። ዝንቡ ላይ ግን ማን አለ? እኔ የምቆጭበት ይኼ ነው።

አጎት፦ አልኮሉ እንዳይደርቅ የሚጠብቅ ሰው ካለ ይቀመጥ። ከሌለ ለንደን ይሂድ። እኔ ስንት ጥሩ ስላይድ አቧራ ሲበላው አይቻለሁ።

ልጅት፦ ጋሼ!

አጎት፦ እውነቴን ነው። ናሙና ያለ ጠባቂ ቆሻሻ ነው። እዚህ ይቅር ካልሽ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ሄደሽ ብልቃጡን የምታዪ አንቺ ነሽ። ደመወዝ ይክፈሉሽ አይክፈሉሽ።

ልጅት፦ አያለሁ።

አጎት፦ በመሐላ?

ልጅት፦ በመሐላ። ክፍያም ባይኖር።

አጎት፦ እሰይ። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ወረቀት ምን ይላል?

ልጅት፦ ኢትዮጵያ፣ አማራ፣ ጠዳ፣ ከደብሩ ደን ሥር ያለ ምንጭ። ከፍታው፣ ቀኑ፣ የያዘው ሰው። በእርሳስ ነው የጻፍሁት፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል።

አጎት፦ «ምንጭ» ብቻ አይበቃም። እዚያ ሁለት ምንጭ አለ፤ አንዱ ጸበሉ ነው፣ አንዱ ከብት የሚጠጣበት። ከየትኛው ያዝሽው?

ልጅት፦ ከታችኛው። ዝግባው ጥላ ከሚጥልበት።

አጎት፦ ጻፊው። ዝግባው ቢቆረጥ እንኳ እዚያ እንደነበረ ይታወቅ። ስሟንስ ማን ልትያት ነው? ያንቺን ስም?

ልጅት፦ በራስ ስም መሰየም ነውር ነው። የቦታው ስም ይሻላል፤ ጠዳኤንሲስ። ጠዳ የምትገኝ ለማለት።

አጎት፦ ጠዳ ብቻ ነው ያለችው ብለሽ ነው? ጎርጎራ ደን ውስጥስ? ደቡብ ጎንደርስ?

ልጅት፦ ዶክተር አለማየሁ ዋሴ ደቡብ ጎንደር ውስጥ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች አጥንቶ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ቆጥሯል። በመካከላቸው ያለው ማሳና ግጦሽ ነው። የኔ ዝንብ ብዙ አትበርም፤ እርጥበት ካጣች በአንድ ቀን ትደርቃለች። እያንዳንዱ ደን የራሱ ይኑረው ወይስ ሁሉም አንድ ይሁኑ፣ ያልተመለሰ ጥያቄ ነው። ለዚያ ነው አንድ ወንድ ይዤ መጻፍ ያልፈለግሁት። ደንቡ ይፈቅድልኛል፤ እኔ ግን ሴቷን ሳላይ፣ ቢቻል ከሌላ ደብርም ሳላገኛት፣ አልጽፍም።

አጎት፦ ለንደን ሄደሽ መሳቢያው ውስጥ ተገኘችስ?

ልጅት፦ ያኔ አዲስ አይደለችም። «ከጠዳ ተገኘች» ብዬ አጭር ጽሑፍ እጽፋለሁ።

አጎት፦ አይከፋሽም?

ልጅት፦ ጥቂት ይከፋኛል። ግን ስኮት በ1953 ስሜን ላይ ይዟት ከሆነ የት እንደነበረች ወረቀቱ ይነግረኛል። እዚያው ቦታ ሄጄ ዛሬም አለች ወይ ብዬ መጠየቅ እችላለሁ። እሱ ራሱ ሌላ ጥናት ነው።

አጎት፦ የታችኛው ምንጭ ከጥር በኋላ ይደርቃል። ከዚያ በፊት ሴቷን ካላገኘሻት እስከ ሰኔ መጠበቅሽ ነው። ገበዙን ቅዳሜ አነጋግራለሁ፤ ካህናቱ ዛፍ ልትቆርጪ መስሏቸው እንዳይቆጡ መረቡን ይዘሽ ነይና አሳዪአቸው።

ልጅት፦ አንቱም አብረውኝ ይወርዳሉ?

አጎት፦ ጉልበቴ ቁልቁለቱን እንጃ። አጉሊ መነጽሩን ግን እኔ ጋ ተዪው፤ ያመጣሽውን እዚሁ ቁጭ ብዬ ወንዱን ከሴቷ እለይልሻለሁ።